አባቴ አገር ሲጽፍ

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ሐይቅ አድርቄያለሁ። ኩሬ ቢሆን ባላነሳሁት፤ ግን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፣ ቴምብር ላይ የተሳለው፣ ሦስት ወፎች ዳሩ ላይ በአንድ እግራቸው የቆሙበት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ነገሩ በመንግሥት ደብዳቤ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ክብ ማኅተም አርፎበት የተረጋገጠ ነው፤ ቅጂውም እኔ ዘንድ አለ።

የሚጀምረው ከአባቴ ሥራ ነው። አባቴ አገር ይጽፍ ነበር። የሰፈር ልጆች "አባቴ ሾፌር ነው"፣ "አባቴ ግንበኛ ነው" ሲሉ እኔ "አባቴ አገር ጸሐፊ ነው" እል ነበር፤ ብዙም አልዋሸሁም። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕትመት ክፍል ባለሙያ ነበርና በየዓመቱ "አገራችን ባጭሩ" የምትባል አርባ ስምንት ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ ያዘጋጃል። አራት ምዕራፍ አላት፤ መልክዓ ምድር፣ ሕዝብ፣ ኢኮኖሚ፣ ፖለቲካ። ለትምህርት ቤቶችና ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች ትታደላለች። አንድ ሙሉ አገር ከነተራራው ከነሕዝቡ በአርባ ስምንት ገጽ ጨርሶ ለአሥር ሰዓት ሻይ ቤቱ የሚደርስ ሰው ከአባቴ ሌላ አላየሁም።

እኔ ታዲያ ነገሩ የገባኝ ተገልብጦ ነው። አባቴ ያለውን የሚጽፍ ሳይሆን፣ የጻፈው የሚሆን ይመስለኝ ነበር። "ሰሜኑ ተራራማ ነው" ስላለ ተራራው በቀለ። "ዝናቡ ለአራት ወር ይዘንባል" ብሎ ጽፎ በአምስተኛው ወር ካፊያ ከጣለ፣ አባቴን በኩርፊያ ነው የማየው፤ ሥራውን አበላሽቷላ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መንታ የወለደች ዕለት እየሮጥኩ ገብቼ "አባዬ፣ ሁለት ጨምር!" አልኩት። እሱም ፊቱን ኮስተር አድርጎ እስክሪብቶውን አነሳና "ወንድ ናቸው ሴት?" ብሎ ጠየቀኝ። አንድ አንድ ናቸው አልኩት። ጻፈ። አሁን ሳስበው በዚያ ዓመት ከተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ሁሉ ትክክለኛው ያ ሳይሆን አይቀርም።

ምዕራፍ ሁለት "ሕዝቡ ደስተኛና እንግዳ ተቀባይ ነው" ብሎ ይጀምራል። እናቴ ሳይነገራት እንግዳ በመጣባት ቁጥር ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን እያንኳኳች "እኔን ሳይቆጥሩኝ ነው መቼም" ትላለች። ምዕራፍ ሦስት ላይ "በየዓመቱ ከፍተኛ እመርታ ተመዝግቧል" ይላል። እመርታ እህል ይመስለኝ ነበር። ጥጥ፣ በቆሎ፣ እመርታ። ይህን ያህል እየተመረተ እኛ ቤት አንድ ቀን እንኳ ቀርቦ አለማየቴ ግን ይገርመኝ ነበር፤ ለሀብታሞች ብቻ የሚሸጥ ነው ብዬ ተውኩት። በዚህኛው ብዙም አልተሳሳትኩም።

ምዕራፍ አራት ሁለት ገጽ ተኩል ብቻ ናት። አባቴ ሦስቱን ምዕራፎች በአንድ ወር ጽፎ ለእሷ ብቻ ሁለት ወር ይፈጅባታል። ሕዝቡ መሪውን በነፃነት እንደሚመርጥ ትናገራለች። ሁልጊዜ የሚመረጠው አንድ ሰው መሆኑ ሕዝቡ ወረተኛ ስላልሆነ ይመስለኝና እኮራበት ነበር።

እናቴ በዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አባቴ የጻፈውን እሷ ትመታዋለች። ሥራ ሲበዛ የጽሕፈት መኪናው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተጭኖ ይመጣና ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ይጎለታል፤ እኛም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። አገር ሲጻፍ ትንሽ መጨናነቅ ያለ ነው።

በዚያ ዓመት አንድ እሁድ፣ ለምሳ ስንቀመጥ፣ የእናቴ ወንድም መጣ። አጎቴ ቀያሽ ነው፤ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተሸክሞ አገር ለአገር እየዞረ መሬት ይለካል። ሁለት ወር ጠፍቶ ነበር። በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ነጭ አቧራ እንደ ዱቄት ቦነነ።

"ከየት ያመጣኸው አቧራ ነው?" አለች እናቴ።

"ከሐይቁ።"

"ከሐይቅ የሚመጣ ሰው ጭቃ ነው እንጂ ይዞ የሚገባው።"

"እሱ ድሮ ቀረ" አለና ተቀመጠ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አፍንጫው ተልጧል። ዳቦ ቆርሶ ሳይጎርሰው ወደ አባቴ ዞረ። "ሦስቴ ለካሁት። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ሌላ አስመጥቼ ሁሉ ለካሁት። መቶ ዘጠና ነው የቀረው። ስድስት መቶ ሃያ ካሬ ኪሎ ሜትር እየተባለ የሚጻፈው ተረት ሆኗል። ወንዙን ከላይ ጠልፈውታል፣ ለጥጡ እርሻ። ሐይቁን ጠጥተው ጠጥተው ጨርሰውታል!"

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ለማን ነገርክ?"

"ለማን እነግራለሁ? ሪፖርት አስገባሁ። ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉት።"

"በቃ፣ የድርሻህን ተወጥተሃል።"

"እኔማ ተወጣሁ። ገጽ ሰባትን የምትጽፈው ግን አንተ ነህ።"

እናቴ የወንድሟን የተላጠ አፍንጫ ብቻ ታያለች።

እኔ ጠለፋ የማውቀው ከሬዲዮ ነው፤ አውሮፕላን ይጠለፋል። ወንዝ እንዴት እንደሚጠለፍ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ሽጉጥ ደግነው ወንዙን ወደማይፈልግበት ሲነዱት ታየኝ። የከበደኝ የሐይቁ ነገር ነው። ማን ነው ያን ሁሉ የጠጣው? ትልቅ ሆድ ያለው ሰው መሆን አለበት። በሰፈራችን ያሉትን ሆዶች አንድ በአንድ አሰብኩ። የሚመጥን አጣሁ።

ጠጪው በዚያው ሳምንት በእግሩ ቤታችን ድረስ መጣ።

የአባቴ አለቃ ነው። በሌለበት "ጋሽ ይስተካከል" ይሉታል፤ የሚቀርብለትን ጽሑፍ ሁሉ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ይስተካከል" ብሎ ስለሚመልስ። ምኑ ይስተካከል፣ ወዴት ይስተካከል፣ አይልም። አባቴ እስኪገባው ድረስ እየገመተ ያስተካክላል። ሰውየው በሩን በጎን ነው የገባው፤ ሆዱ ቀድሞት ሳሎናችን ደረሰ። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ሶፋው አቃሰተ።

"እስቲ የኔ ልጅ፣ ውሃ አምጪልኝ።"

አመጣሁለት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። "ድገሚኝ።" ደገምኩት። ጨለጠው። ሦስተኛውን ቀዳሁለት። በዓይኔ በብሌኑ እያየሁት ነው፤ አሁንም አልጠገበም።

"ገጽ ሰባት ላይ አንድ ቁጥር አየሁ" አለ አፉን በመሐረብ እየጠረገ።

"አዲስ ልኬት መጥቶ ነው ጌታዬ" አለ አባቴ። የቆመው በራሱ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ተቀመጥ ያለው ግን የለም።

"አዲስ ልኬት! ሐይቅ ነው እኮ፤ ይተነፍሳል፣ አንድ ዓመት ከፍ አንድ ዓመት ዝቅ ይላል። አገር ግን እንዲህ ከፍ ዝቅ አይልም። በሚመጣው ወር እንግዶች አሉብን። እርሻውን እጥፍ ለማድረግ የሚያግዙን ናቸው። 'ውሃ አላችሁ?' ቢሉኝ ምን ልበል?"

"እውነቱን…"

"እውነቱ ምዕራፍ ሦስት ላይ አለ! ጥጡ በምን ያህል እንዳደገ አንተው አይደለህ የጻፍከው? ምዕራፍ አንድ ተነስቶ ምዕራፍ ሦስትን ሊያሳጣ ነው?"

ጋሽ ይስተካከል ያኔ ወደ እኔ ዞረና ፈገግ አለ። "ቆንጆ ልጅ አለችህ። ትምህርት ቤቷም እዚሁ ቅርብ ነው አይደል? ብቻዋን ነው የምትመላለሰው?"

"አዎ፣ ብቻዬን ነው!" አልኩ ቀድሜ። አባቴ ነጭ ወረቀት መሰለ።

"ይስተካከላል" አለ አባቴ።

ትልቅ ሰው ቆንጆ ነሽ ብሎኝ ስለማያውቅ ያን ቀን ለብዙ ዓመታት በጥሩ ትዝታነት ይዤው ኖሬያለሁ። የተነገረው ለእኔ እንዳልነበረ የገባኝ፣ እኔም ልጅ ወልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ መጠበቅ ስጀምር ነው።

ሰውየው ሲወጣ እናቴ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። "ስንት ሆነ?"

"ስድስት መቶ ሃያ" አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

"ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ አራት መቶ ሠላሳ ጨመረበት? ጎበዝ ነው።"

"ነገር አታብዢብኝ እባክሽ።"

"እኔ ምን አገባኝ? የተሰጠኝን ነው የምመታው።"

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ሐይቁ ተጠጥቶ ነበር፤ አባዬ በአንድ መስመር መልሶ ሞላው። ወፎቹ ተመልሰው ሲቆሙ ታዩኝ። ጠጪው ራሱ ተጸጽቶ ያስሞላው መሰለኝ። አባቴ ግን እራቱን ሳይበላ ተኛ፤ ትልቅ ሥራ ስለሠራ ደክሞት ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የጽሕፈት መኪናው መጣ። ብዙ ጊዜ አባቴ እያነበበ እናቴ ናት የምትመታው። ያን ቀን ራሴን አሞኛል ብሎ መኝታ ቤት ገባ፤ በሩን ገርበብ አደረገው። እናቴ ወረቀቱን አስገብታ ትንሽ ጠበቀችው። እንደማይመጣ ስታውቅ "ነይ ሚጢጢ፣ አንቺ አንብቢልኝ" አለችኝ። ሚጢጢ የቤት ስሜ ነው።

ክብሩ አይወራ። ወንበር ላይ ተንበርክኬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። አገሪቱ በስንት ዲግሪ መሐል እንደምትገኝ አነበብኩ፤ ጎረቤቶቿን አነበብኩ፤ ተራሮቿን አነበብኩ። እናቴ እንደ ዝናብ ታወርደዋለች። መስኮቱ ሥር የሰፈሩ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ ሳትነካ ስንት እንደምትደርስ ለማየት ሁሉም በአንድ ድምፅ ይቆጥራሉ፤ መቶ ሰማንያ አምስት፣ መቶ ሰማንያ ስድስት… አንድ ጆሮዬ እዚያ ነው። እኔ ከመቶ አልፌ አላውቅም።

ገጽ ሰባት ላይ ደረስኩ። "የሐይቁ ስፋት…" ብዬ ቁጥሩን አነበብኩ። የእናቴ ጣቶች ቆሙ።

"ድገሚው።"

ደገምኩት። ውጭ ጩኸቱ ቀለጠ፤ ልጅቷ ሪከርድ ሰብራለች። እናቴ ወደ ተገረበበው በር አየች። ከዚያ ሦስት ጊዜ መታች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

"ቀጥዪ" አለችኝ።

መጽሐፏ ተባዝታ ክፍላችን የደረሰችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የመልክዓ ምድር አስተማሪያችን ለሁላችንም አደለና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ገጽ ሰባት ላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ሄዶ አየ። ተመልሶ አነበበ፣ አሁን በሆዱ። "ልጆች፣ ይቺን ገጽ ቤታችሁ ታነቧታላችሁ" አለና ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ማጥፋት ጀመረ።

ገልጬ አየሁ። መቶ ዘጠና ካሬ ኪሎ ሜትር።

የገመዱ ቆጠራ! አንድ ጆሮዬ እዚያ ነበር፤ አፌም ተከትሎት ሄዷል። መቶ ዘጠና ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ያልኩትን መታች፣ የተመታው ተባዛ፣ የተባዛው ሆነ። አባዬ የሞላውን ሐይቅ እኔ አፈሰስኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ዓሣዎቹን አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ ለስንት ቀን ውሃ ስጠጣ ያንቀኝ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። አጎቴ ግን ከሰዓት በኋላ እየበረረ መጣ፤ መጽሐፏን እያውለበለበ እስኪያነባ ሳቀ፣ እናቴን ከነሽርጧ አንስቶ አሽከረከራት። "አውርደኝ፣ የጣት ስህተት ነው" አለችው። "እንዲህ ያለ ጣት ይባረክ!" አለ። አንድ ሰው በሐይቅ መድረቅ ይህን ያህል ሲደሰት ማየት አስጠላኝ።

እንግዶቹ መጡ። መጽሐፏም እንደ ወጉ በየፊታቸው ተቀመጠች። እንግዶች የተሰጣቸውን መጽሐፍ ያነባሉ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ከመካከላቸው አንዲት ባለመነጽር ሴት ግን አነበበች። የአምናውንም ይዛ መጥታ ኖሮ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ "ቀሪው የት ሄደ?" ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ባለሥልጣኖች በሙሉ ጋሽ ይስተካከልን አዩት ይባላል። ውሃ ጠየቀ አሉ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ቤታችን ገባ። ሁለቱ ሰዎች የአባቴን ወረቀቶች ከመደርደሪያው እያወረዱ በካርቶን ይከቱ ጀመር። በጥንቃቄ ነበር የሚይዙት፣ አንድም አልጨማደዱም። አባዬ ሊሾም ነው ብዬ ግማሽ ልቤ ደስ አለው።

"ማነው?" አለ ጋሽ ይስተካከል። ዛሬ አልተቀመጠም።

"ኃላፊነቱ የእኔ ነው" አለ አባቴ።

"የመታሁት እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ጣቴ ስቶ ነው።"

"ጣት አንድ ቁጥር ይስታል። በተከታታይ ሁለት ቁጥር ግን አይስትም። ይሄ በሰው አእምሮ የተሠራ ነው። ይሄ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ?"

ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ካርቶኑን ትቶ በሩ ጋ ቆመ። እናቴ ሽርጧን ፈትታ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ መንገድ እንደሚሄድ ሰው። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ!" ብዬ አለቀስኩ። "እኔ ነኝ ያነበብኩት! ገመድ ሲቆጥሩ ሰምቼ ተሳሳትኩ። እማዬ ያልኳትን ነው የመታችው። ሐይቁን እኔ ነኝ ያደረቅኩት!"

ጋሽ ይስተካከል ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ ርኅራኄ ነው ያልኩት። የጠፋ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ፊት ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ "ለሕትመት ይለፍ" ብሎ ሳያነብ የፈረመው እሱ ነበር። ሰው አውቆ ያደረገው ከሆነ፣ እናትና አባቴ ሲወርዱ እሱም አብሮ ይወርዳል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከተሳሳተች ግን ማንም አይወርድም።

"ያነበበችው ልጅቷ ናት?" አለ በለሰለሰ ድምፅ።

እናቴ አፏን ከፈተች። አባቴ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። እኔን እንዳትመታኝ የያዘልኝ መስሎኝ በልቤ አመሰገንኩት።

"አዎ" አለ አባቴ። "ልጅቷ ናት።"

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት አባላት፣ ሁለት ስብሰባ። ያ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ደብዳቤ የእነሱ ነው፤ "ስህተቱ የተፈጸመው ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት በሆነች ግለሰብ የንባብ ጉድለት መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል። ግለሰብ ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥሎም "ሐይቁ በቀድሞ ስፋቱ እንዲቆይ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል" ይላል። ውሳኔው ተከብሯል። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎ፣ ተራራው ተንዶ፣ ሕዝቡ እጥፍ ሆኖ፣ ምዕራፍ አራትም ሦስት ጊዜ እንደገና ተጽፎ፣ ሐይቁ ዛሬም በመጽሐፏ ላይ ስድስት መቶ ሃያ ነው። በዚህች አገር እንደ እሱ የጸና ነገር አላውቅም።

እናቴ ከሥራ ተሰናበተች። አባቴ የመንግሥት ሥራ በሕፃን በማስነበቡ ወደ ሐይቁ ዳር ቅርንጫፍ ተዛወረ። እዚያ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ አባቴ ነበሩ።

እንግዲህ ወንጀለኛን ወንጀሉ ቦታ ወስዶ ማስቀመጥ ይሏል ይሄ ነው። ቤታችን ከድሮው የጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ነበር። ከመኪና ወርጄ አየሁት። የእንጨቱ ድልድይ እንደቆመ ነው፣ ሥሩ ግን ደረቅ መሬት። ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተዋል፤ በአንዱ ጥላ ሥር ፍየል ታስራለች። መሬቱ እንደ አሮጌ ሳህን ተሰነጣጥቆ ነጭ አቧራ ይነሳበታል። ውሃው በጣም ሩቅ ነው፤ ቀጭን የብር ክር ይመስላል። ሥራዬ ይህ ነበር።

ከድልድዩ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ሦስት ቀን ከሩቅ አየኋቸው። በአራተኛው ቀን ተጠጋሁ።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?"

"ንገሪኝ።"

"ሐይቁን ያደረቅኩት እኔ ነኝ።"

መርፌያቸውን አቁመው አዩኝ። "አንቺ?"

"አዎ። በስህተት ነው። አውቄ አይደለም። ቁጥሩን ስቼ አንብቤው ነው።"

አልሳቁም። መረቡን ከጭናቸው አወረዱ። "ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "እዚህ ስንቱ መጥቶ አይቶ ሄዷል። ሹም መጥቷል፣ መሐንዲስ መጥቷል፣ ፎቶ አንሺ መጥቷል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና መኪናው ውስጥ ይገባል። እኔ ነኝ ያለ ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።" ከጎናቸው ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ጠረጉልኝ። "ተቀመጪ። ይቅር ብዬሻለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ አላነቀኝም።

ይቅርታው ግን ለሐይቁ ብቻ ነበር። እያደግሁ ስሄድ ሐይቅ በንባብ እንደማይደርቅ ገባኝ፤ ጥጡን አየሁ፣ ቦዩን አየሁ። እንግዶቹ ያን ዓመት ገጽ ሰባትን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው እንደተመለሱና የእርሻው ማስፋፊያ ሁለት ዓመት እንደዘገየም ከአጎቴ ሰማሁ። ሁለት ዓመት ለዓሣ አስጋሪ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም፤ አባቴን ከሥራው፣ እናቴን ከጽሕፈት መኪናዋ የነቀልኩት እኔ ነኝ። እናቴ በገበያው በር አሮጌ የጽሕፈት መኪና ተከራይታ የሰው ማመልከቻ ስትመታ ባየሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ለትምህርት ወደ ዋናው ከተማ ልሄድ ሻንጣዬ በር ላይ ተቀምጧል። ምሳ በልተን ሻይ እየጠጣን ነበር። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

"አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ለምኑ?"

"ያኔ በደንብ ባነብ ኖሮ እዚህ አትመጡም ነበር።"

እናቴ ሻይ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፤ አላየችውም።

"ምን አልሽ?"

"መቶ ዘጠና ብዬ ስላነበብኩ…"

"እስካሁን?" አለች። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። "ይሄን ሁሉ ዓመት? አንቺ ልጅ፣ አልተሳሳትሽም እኮ! ስድስት መቶ ሃያ ነው ያልሽው። አስደገምኩሽ፤ አሁንም ስድስት መቶ ሃያ አልሽ፣ ጥርት አድርገሽ። ሌላ የመታሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ደክሞኝ ነዋ። ሃያ ዓመት የተሰጠኝን መታሁ። ወንድሜ ሁለት ወር ፀሐይ ላይ ቆሞ የለካውን አንድ ቀን እንኳ ልምታው አልኩ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

መለሰችልኝ፣ ግን ለጠረጴዛው ነበር የምትናገረው። "መጀመሪያ ልጅ ናት፣ አፏ ያመልጣታል አልን። ኋላ ደግሞ ረስታዋለች አልን። መርሳትሽ ተመችቶን ነው። ያን ቀን አንቺ ባትጮኺ ኖሮ፣ የማድረው ቤቴ አልነበረም።"

አባቴ ብርጭቆውን በመዳፉ መሐል እያሽከረከረ ቆየ። "እኔም ሰምቻለሁ" አለ። "መኝታ ቤት ሆኜ። አንቺ ያነበብሽውንም፣ እሷ የመታችውንም። የእጇን ምት አውቀዋለሁ፤ ስድስት መቶ ሃያ ስትመታ ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። ያኛው ሌላ ነበር። ተነስቼ ማስቆም እችል ነበር።" ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አልተነሳሁም። ለዚህች አገር የሠራሁት ይሄው ነው። አለመነሳት።"

"እሱንም ቢሆን ተኝቶ ነው የሠራው" አለች እናቴ። ልንስቅ ነበር፤ ፊቷን አይተን ተውነው። "ይቅር በይኝ" አለችኝ። ይቅርታ የምትል ሴት አልነበረችም፤ ቃሉ ሲወጣ እንደ እሾህ ነው የወጋት። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። አሥር ዓመት ነው እኮ። ማን ላይ እንደምጀምር ግን ጠፋኝ።

"ተነሱ" አለች እናቴ።

ሦስታችንም ወጣን። ከድልድዩ ወርደን በደረቁ ሐይቅ ወለል ላይ ቀጥ ብለን ሄድን። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብን፤ የሚሰማው ከእግራችን ሥር የሚሰባበረው ቅርፊት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ መቶ ዘጠናውም አልቀረም ነበር። ውሃው ጠርዝ ላይ ስንደርስ እናቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አደረገችና ገባች። አባቴ "ተመለሽ፣ ይበቃል" አላት። አልዞረችም። ወደ መሐል ሄደች፣ ሄደች፣ ከኛ ርቃ ትንሽ ልጅ እስክትመስል ድረስ ሄደች። ውሃው ከጉልበቷ አላለፈም።